ለእንግዳ የቆየ ሣር

የእጄ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ቢመስል፣ ፊደልም ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ተረት ተረት፤ በረቱን ክፈቱልኝና ልግባ።

ሽመላ ልጆቿን ይዛ አገር ልታሳይ ተነሣች። አንበሳን አግኝታ "የት ልውሰዳቸው?" ብላ ጠየቀችው።

አንበሳ ጎፈሩን ነሰነሰ። "ይሄም ይጠየቃል? ወደ እኔ ሜዳ ነዋ! ዓለም ሁሉ የሚጎርፈው እኔን ሊያይ ነው።"

"አምና መጥቼ ነበር፣ ጌታው። ከተመልካቹ ብዛት የእርስዎን ጭራ እንኳ ሳላይ ተመለስኩ።"

ይህን ሁሉ ድኩላ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ትሰማለች። ድኩላ ዓይናፋር ናት፤ ማንም በማይሄድበት ጫካ፣ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ ትኖራለች። በየዓመቱ ሽመላ በሰማይ ስታልፍ አንጋጣ ክንፏን እያደነቀች፣ ድምፅ ሳታሰማ ትሸኛታለች። ዘንድሮም ዝም ካለች ሽመላ ልታልፋት ነው። ከቁጥቋጦው ብቅ አለች።

"እሜቴ... የእኛም አገር አለ።"

አንበሳ በሳቅ ፈረሰ። "እዚያ ደግሞ ምን ይታያል? የአንቺ ጆሮ?"

ሽመላ ግን ጠጋ አለቻት። "ምን አለ እዚያ፣ እህቴ?"

"ብዙም የለም። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ ምንጭም አለን።"

"ለእነዚህ ሁሉ ልጆቼ ማረፊያ ይገኛል?"

ድኩላ አንገቷን ደፍታ፣ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ተናገረች።

"ከምንጩ ዳር ያለውን ለምለም ሣር ግጬው አላውቅም፤ በድርቁ ዓመት እንኳ። የእንግዳ ድርሻ አይነካም ብላ እናቴ አሳድጋኛለች። በየዓመቱ ማረፊያ እንዲሆንዎ ለእርስዎ አቆየዋለሁ።"