የፍሬን ሸራው ክርክር

አዳማ ላይ የሚኒባስ ፍሬን ሸራ የምትሠራ፣ መልስ የማይቸግራት አንዲት ሴት ነበረች። ሾፌሮች ሸራዋን እየወደዱት ሲሄዱ የትልቁ ፋብሪካ ባለቤት አቶ ልዑልሰገድ ገበያው ሸሻቸው። «የፈጠራ መብቴን ሰርቃኛለች» ብለው ከሰሷት፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ሥራዋ እንዲታገድ አመለከቱ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ተዘግቶ የከረመ ወርክሾፕ ደግሞ ቢፈረድለትም አይነሣም።

በቀጠሮው ቀን አቶ ልዑልሰገድ ከረባታቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የእሷ ሸራ ከእኔ ሸራ በቅንጣት አይለይም! ቁርጥ የእኔን ነው!» አሉ። የዳኛው ፊት አልፈታ ቢላቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ደግሞም ቁልቁለት ላይ መኪና አይዝም! ዛሬውኑ ካልታገደች ሕዝብ ያልቃል!»

ዳኛው ወደ ሴትየዋ ዞረው «እርስዎስ ምን ይላሉ? ሸራው አንድ ነው ወይስ ይለያል?» ሲሉ ጠየቋት።

ሴትየዋ ወጥመዱ ገባት። አንድ ነው ብትል ሌባ፣ ይለያል ብትል ነፍሰ ገዳይ ልትባል ነው። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና እንዲህ አለች፦

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ከእሳቸው ጋር በምን አቅሜ እከራከራለሁ? አንድ ነው ካሉ አንድ ይሁን። መኪና አይዝም ካሉም አይያዝ። ብቻ ለሕዝቡ ሲባል እግዱን ለሁለታችንም ያድርጉልን።»

የችሎቱ ሳቅ ሳይበርድ አቶ ልዑልሰገድ የእግድ ማመልከቻቸውን መልሰው ወሰዱ።