መስፍኑና የሾርባ እናቱ

በድሮ ዘመን፣ ተራሮች ገና በማደግ ላይ ሳሉ፣ እኔም ሠላሳ ሁለት ጥርስ ሳለኝ፣ በአውሮፓ ምድር ሦስት አገሮች የሚዋሰኑባት ዳርቪና የምትባል ከተማ ነበረች። ከጥበቷ የተነሣ ሰው በአንዱ አገር አስነጥሶ፣ በሁለተኛው «ይማርህ» ተብሎ፣ በሦስተኛው አፍንጫውን ይጠርግ ነበር። በአለት አናት ላይ ግንብ ነበራት። ግንቡ ከመርዘሙ የተነሣ ዶሮ ከላይ የጣለችው እንቁላል መሬት ሳይደርስ ጫጩት ሆኖ ይወርዳል። አትሳቁ! ዶሮዋን አውቃታለሁ።

የተራራው ንጉሥ መጣ፤ ባንዲራ ሰቀለ፤ ሄደ። የሜዳው ንጉሥ መጣ፤ ባንዲራ ሰቀለ፤ ሄደ። የወንዙም ንጉሥ መጣ፤ ባንዲራ ሰቀለ፤ ሄደ። ከተሜው ግን ሦስቱንም ቋንቋ ይዞ እዚያው ቀረ።

እንዴት ተግባቡ አትሉኝም? ልጅ ይለዋወጡ ነበር። ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ቤት ለአንድ ዓመት ይሰጣል፤ በምትኩ የዚያ ቤት ልጅ ይመጣል። ዓመቱን ያበላችው ሴት እስከ ዕለተ ሞቱ እናቱ ናት። ስለዚህ የዳርቪና ሰው ሁሉ ሁለት እናት ነበረው፤ አንዷ የወለደችው፣ አንዷ ሾርባ ያበላችው።

የግንቡና የከተማዋ በረኛ ማትያሽ የሚባል ብልጥ ሽማግሌ ነበር። እሱ የተራራ ሰው፣ ሚስቱ ዮላና የወንዝ ሰው። ልጅ አልወለዱም፤ የሚለዋወጡትም አልነበራቸውም። የዮላና ሾርባ ግን ሲሸት ሬሳ ከሳጥኑ ቀና ብሎ ማንኪያ ይጠይቅ ነበር።

አንድ ቀን ከተራራው አገር አዲስ ገዢ ከወታደሮቹ ጋር መጣ፤ መስፍን ኡልሪክ። ኩሩ፣ ችኩል፣ ሆዳም ነው። ገና ከፈረሱ ሳይወርድ ማትያሽን ጠራው።

«ስማ አንተ ሽማግሌ! ለኔ አንድ ቋንቋ ይበቃኛል። ይኸው አዋጁ፤ የሜዳ ወይም የወንዝ እናት ያለው ሁሉ እሑድ ከከተማዬ ይውጣ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ እየጠየቅህ ታስወጣለህ።»

«ሚስቴንም፣ ጌታዬ?»

«ሚስትህንም!»

ማትያሽ ወደ ቤቱ ገሠገሠ። ቤት ገብቶ ሲነግራት ዮላና ማንኪያዋን ጣለች።

«እኔስ እሄዳለሁ። አንተን ግን ማን ያበላሃል?»

አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። ማትያሽ ማንኪያውን ከመሬት አነሣና ሲያገላብጠው ቆየ። ከዚያ ዓይኑ በራ። «ዮላና፣ ለጎረቤት ሁሉ ንገሪ። እሑድ ማንም እንዳይዋሽ!»

እሑድ ደረሰ። መስፍኑ ሰገነቱ ላይ፣ ማትያሽ በሩ ላይ ቆሙ።

ዳቦ ጋጋሪው መጣ። «እናትህ ማን ናት?» «የወለደችኝ የተራራ፣ ያበላችኝ የሜዳ።» «ውጣ!»

አንጥረኛው መጣ። «እናትህ ማን ናት?» «የወለደችኝ የተራራ፣ ያበላችኝ የወንዝ።» «ውጣ!»

የግንቡ ወጥ ሠሪ መጣች። «እናትሽ ማን ናት?» «የወለደችኝ የወንዝ፣ ያበላችኝ የተራራ።» «ውጪ! ድስትሽን እንዳትረሺ!»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ መስፍኑ። «ምሳዬን ማን ሊሠራ ነው?»

«አዋጁ የርስዎ ነው፣ ጌታዬ። እኔ በረኛ ብቻ ነኝ።» ቀጥሎም፣ «እኔንም ያበላችኝ የሜዳ ሴት ናት፤ ደህና ይሁኑ» ብሎ ጥጃ የሚያህለውን ቁልፍ አስረክቦ፣ የዮላናን እጅ ይዞ ወጣ።

ከተሜው ሁሉ ከከተማዋ በር ውጭ፣ ከድልድዩ ማዶ ሰፈረ። ጋጋሪው ምድጃ ሠራ፤ ዮላና ድስት ጣደች፤ ነፋሱም ሽታውን ተሸክሞ ወደ ግንቡ ወጣ።

በመጀመሪያው ቀን መስፍኑ የተረፈ ዳቦ በላ። በሁለተኛው ቀን ጥሬ ሽንኩርት በላ። በሦስተኛው ቀን ወታደሮቹ ሽታውን ተከትለው ከዱት፤ እሱም የሞራ ሻማ በላ። ከዚያ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ተመለሱ!»

«አዋጁስ?» አለ ማትያሽ።

«መስፍን ቃሉን አያጥፍም!»

«እንግዲያው ሻማዎን ይጨርሱ!»

ዮላና ግን አንጀቷ አልቻለም። «ተው አንተ ሰው፣ በተራበ አይቀለድም። ሳይለዋወጥ ያደገ ነው፤ ምን ያውቃል?» ብላ ሳህን ሙሉ ሾርባ ይዛ ድልድዩን ተሻገረች። «ና ልጄ» አለችው በወንዙ ቋንቋ። ቋንቋው አልገባውም፤ ሳህኑ ግን ገባው። እየሮጠ ወርዶ በሩን ከፈተ፤ ጨለጠው፤ ሳህኑንም ላሰ።

ማትያሽ ጠጋ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እናትዎ ማን ናት?»

መስፍኑ ሳህኑን አየ። ዮላናን አየ። አዋጁን አየ። «የወለደችኝ የተራራ…» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያበላችኝ የወንዝ።»

«እንግዲያው ወይ አዋጁ ይወጣል፣ ወይ እርስዎ!»

መስፍኑ አዋጁ የተጻፈበትን ብራና ለዮላና ሰጣት። እሷ ግን፣ «በአንድ ሳህን እናት አይኮንም፤ ዓመቱ ይሙላ» አለች። ደንብ ደንብ ነውና ኡልሪክ ጢሙን እንዳንዠረገገ ለዓመት ቤቷ ገባ፤ ማትያሽ በምትኩ ወደ ግንቡ ተላከ።

የመስፍኑ አልጋ ከስፋቱ የተነሣ ማትያሽ ከመሀሉ ወደ ዳሩ ለመድረስ ስንቅ ይቋጥር ነበር። ምን ያደርጋል! ምሳ በደረሰ ቁጥር ያን ሁሉ ደረጃ ወርዶ የገዛ ቤቱን ያንኳኳል።

«ማነው?» ይላል መስፍኑ ከውስጥ፣ በወንዙ ቋንቋ።

«እኔ ነኝ።»

«ይግቡ፣ አባባ። እማዬ ለእርስዎም ጨምራለች።»

አዋጁ? የዮላና ድስት መክደኛ ሆኖ ቀረ።

ልጆቼ፣ ጎረቤቱን የሚያባርር፣ ነገ ሲርበው የማንን በር እንደሚያንኳኳ አስቀድሞ ያስብ። እኔ ተርኬ ጨረስኩ፤ ሾርባ ያለው አፌን ያርጥብልኝ።