ባለ ደርቡን ቀፎ የጠበቀው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀፎ ሊገዛ ሲል የኖረ።

ሲስተር ፈትለወርቅ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ኮምፒውተር ነው። ለክሊኒክሽ የበሽተኞችሽን ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም አሁን ልግዛ ወይስ የተሻለው እስኪወጣ አንድ ዓመት ልታገስ ነው ያልሽኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ኮምፒውተር አላውቅም። የሰው ቤት ግን አውቃለሁ። የዚህን ሰውዬ ነገር ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ሰውዬው ገበሬ ነው። ሰነፍ ነው ብዬ አላማውም፤ እርሻው የታረሰ፣ አጥሩ የታጠረ ነው። ከቤቱ ጀርባ ትልቅ ዋንዛ አለው፤ ከዋንዛው ሥር ምንጭ፣ ከምንጩ ማዶ መስከረም ሲጠባ ቢጫ የሚለብስ መስክ። ንብ የሚወደው ሁሉ አለው። የጎደለው ቀፎ ብቻ ነበር።

ይህ ሰው ሴት ልጁን ለአንድ ባለጠጋ ልጅ አጨ። ሰርጉ ልጅቷ የመምህርነት ትምህርቷን ስትጨርስ፣ በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ እንዲሆን ተስማሙ። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ሲሉ ሰውዬው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የሰርጉ ጠጅ ከገዛ ደጄ በሚቆረጥ ማር ነው የሚጣለው» አለ። ሚስቱ ጓዳ ሆና «ምን ነካው ይሄን ሰው?» ብላለች። ከየት ሰማሽ እንዳትዪኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ ላይ ገበያ ወርዶ አንድ ቀፎ አነሳ። ከሸምበቆ የተሠራ፣ በእበት የተለሰነ፣ አባቱ ሲጠቀሙበት የኖሩት ዓይነት ነው። አገላብጦ እያየ ሳለ የግብርና ባለሙያው አገኘውና «ለከርሞ እኮ የሳጥን ቀፎ ይመጣል። ማሩ ሲቆረጥ ሰፈፉ አይፈርስም፣ ንቡም አያልቅም» አለው። ባለሙያው አልዋሸም። ሰውዬው ያነሳውን መልሶ አስቀመጠ።

መስከረም ላይ የንብ መንጋ መጥቶ ዋንዛው ላይ እንደ ጆንያ ተንጠለጠለ። ከአጥሩ ወዲያ የምትኖር ባሏ የሞተባት ጎረቤት አየችና ጮኸች።

«አያ፣ ንብ አርፎልሃል! ኧረ ቀፎ አምጣ!»

«ተያቸው። በዚያ ጭቃ አላስገባቸውም። ለከርሞ ደህና ቤት ይመጣላቸዋል።»

«ለከርሞ እስኪመጣ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ሊከርሙልህ?»

«ካማረሽ ውሰጂያቸው።»

አማራት። አሮጌ ቀፎዋን በወይራ ጭስ አጥና አመጣች፤ ሻሿን ፊቷ ላይ ጠምጥማ ወጣች፤ አራግፋ አስገባቻቸው። ሲመሽ ተሸክማ ወሰደቻቸው። ሁለት ቦታ ነደፏት፤ በማግስቱ ዓይኗ አብጦ አይቻታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት የሳጥኑ ቀፎ መጣ። ሰውዬው ሄዶ ዳሰሰው፣ በጣቱ ቆረቆረው፣ ክዳኑን ከፍቶ ዘጋው። ሊገዛ ነው ስንል «ከዚህ የተሻለ የለም?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያውም ሐቀኛ ነውና «ባለ ደርብ እየተሠራ ነው፤ ለከርሞ ይደርሳል» አለው። እጁን ሰበሰበ። ጎረቤቱ ግን አንዱን ሳጥን ገዛች። አመሻሹ ላይ ባለሙያው መጥቶ ንቦቿን ከነሰፈፋቸው ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወረላት። ሰውዬውና ሚስቱ በአጥሩ ላይ ሆነው ያያሉ።

«አየህ?» አለች ሚስቱ።

«የኔ ባለ ደርብ ነው።»

«ደርቡ ላይ ማን ሊተኛበት ነው?»

የዚያን ዓመትም መንጋ መጣ። ዋንዛው ላይ አንድ ሌሊት አድሮ ረፋድ ላይ ተነስቶ ሄደ።

ሦስተኛው ዓመት የሰርጉ ዓመት ነው። ባለ ደርቡ ቀፎ መንገድ ተበላሽቶ ዘገየና ጥቅምት ሲያልቅ ደረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ነበር፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የለበሰ። ሰውዬው በራሱ ትከሻ አምጥቶ ዋንዛው ሥር ተከለው። ከዚያ ንብ እንዲያስገባለት ባለሙያውን ጠራ።

ባለሙያው ግራ ቀኝ አየና «ንቦቹስ የት አሉ?» አለ።

«ቤቱን ሲያዩት ይመጣሉ።»

«የመንጋው ጊዜ አለፈ እኮ! አበባውም ረግፏል። አሮጌ ቀፎ ቢኖርህ ዛሬውኑ አዛውርልህ ነበር። ከባዶ ላይ ምን አንስቼ ላዛውር?»

ሰውዬው ክዳኑን እንደተከፈተ ትቶት ወደ ቤቱ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ዶሮ ገብታ እንቁላል ጣለችበት።

ኅዳር ላይ ጎረቤቲቱ ማር ስትቆርጥ ሽታው መንደሩን አዳረሰው። ሰውዬው ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። በሦስተኛው ቀን፣ ሚስቱን ሳይልክ፣ ራሱ ገንቦ ይዞ አጥሩን ዞሮ ደጇ ቆመ።

«ባለ ደርቡ እንዴት ከረመ?» አለችው።

«ዶሮ ተከራይታዋለች።»

ሳቀች፤ ገንቦውንም ሞላችለት። እሱ ደግሞ ማሳዋን ሊያርስላት ቃል ገባ፤ አረሰላትም።

ሰርጉ ደረሰ። አማቹ ባለጠጋው ጠጁን ቀመሰና ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንዳልከው ከገዛ ደጅህ ነው?» አለ። ሚስቱ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። አዎ ቢል ማን ይከራከረው ነበር? ጎረቤቲቱም ብትሆን ዝም ትልለት ነበር።

«ከደጄ የሄደ ነው» አለ። «ንቡ በኔ ዋንዛ ላይ አርፎ ነበር። ቀፎ አላዘጋጀሁለትም። እሷ አዘጋጀች።»

ሰው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። ልጅቷ ግን በሙሽራ ልብሷ አንገቷን ደፋች። እሱም ያን ቀን እስኪመሽ ከመሬት ቀና አላለም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ሲስተር። ቀፎው ያ ፕሮግራም ነው። ለከርሞ የሚወጣው ይሻላል፤ አልጣላሽም። የሳጥኑ ከጭቃው ይሻል ነበር፣ ባለ ደርቡም ከሳጥኑ። ሰውዬው እዚህ ላይ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ንቡ አብሮት የሚጠብቅ መስሎት ነው።

ንቡ ደግሞ የሰው ሕመም ታሪክ ነው፤ በየቀኑ በርሽ ላይ መጥቶ የሚያርፈው። ባለፈው ማክሰኞ ያቺ እርጉዝ ካርዷ ጠፍቶ ሲፈለግ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። ባለፈው ወር የደም ግፊቷ ስንት እንደነበረ የሚነግርሽ አጣሽ። እሷም እግሯ እንዳበጠ ተነስታ ሄደች። የት እንደሄደች ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም፤ እኔ ካላወቅሁ ደግሞ በዚህ ሰፈር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቂው፤ «አዲሱ ሲወጣ እስከዚያ የጻፍኩትን ሁሉ ታዛውርልኛለህ?» በይው። አላዛውርም ካለሽ ተይውና የሚያዛውር ፈልጊ። አዛውራለሁ ካለሽ፣ በጽሑፍ አስፈርሚውና ዛሬውኑ ግዢ። ለከርሞ ባለ ደርቡ ሲመጣ የምታስገቢበት ንብ ይኖርሻል። ጠብቀሽ የገዛሽ እንደሆነ ግን ያማረ ሳጥን ይዘሽ፣ በሽተኛሽን እንደ አዲስ «ስምሽ ማነው?» ብለሽ ትጀምሪያለሽ።