የትርንጎ ፀሐይና የአሥር አለቃው ቀበቶ

እስቲ ጠጋ በሉ። ይህን ወሬ ሳወራ ማንም እንዲስቅ አልጠብቅም፤ የሳቀም ቢኖር አልቀየመውም። ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ።

ባቡሩ ቀርቶ ሐዲዱ ብቻ የተረፋት አንዲት የቆላ ከተማ ነበረች። በከተማዋ ዳር አሥር አለቃ ዳምጠውና ሚስቱ ወይዘሮ ትርንጎ ይኖሩ ነበር። ትርንጎ አልጋ ከያዘች ዓመት አልፏታል። ቤታቸው አንድ በር እንጂ መስኮት የለውም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እስከ ደጃፉ ድንጋይ ድረስ ትመጣና፣ «ግቢ» ያላት ስለሌለ፣ እዚያው ውላ ትመለሳለች። ትርንጎ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ዳምጤ፣ አውጣኝና ፀሐይ ልሙቅ» ትለዋለች።

እሱም በየጠዋቱ አቅፎ ያወጣት ነበር። ጎረቤቶች አንድ ሁለቴ ሞክረዋል፤ ጀርባዋ በመተኛት ብዛት ስለቆሰለ፣ በየት በኩል እንደሚያማት ስለማያውቁ፣ ባነሷት ቁጥር አስለቀሷት። ያን የሚያውቁት የዳምጠው እጆች ብቻ ናቸው። ዳምጠው ደግሞ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም፤ ጦር ሜዳ ቀርቷል። በምትኩ ሰው ሠራሽ እግር አለው፤ ያን እግር ወገቡ ላይ በወፍራም የቆዳ ቀበቶ እያሰረ ይሄድበታል።

አንድ ቀን ታዲያ ቀበቶው ተበጠሰ። የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ሰፋለት። ዳምጠው ውኃ የሞላ ባልዲ አንሥቶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ክሩ ለቀቀና ደጃፉ ላይ ተዘረጋ። ውኃው ፈሶ ሲያልቅ ተጋድሞ አየውና «ትርንጎን ይዤ ቢሆንስ ኖሮ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሩን ጥግ አቁሞ በሁለት ክራንች መሄድ ያዘ። ሁለት እጁን ክራንች ከያዘበት ትርንጎን በምን ይቀፋት?

ተነሥቶ ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ወርክሾፕ ሄደ። በወጣትነቱ ያን እግር ሲሰጡት የማርሽ ባንድ ተሰልፎለት ነበር። «እስከ ዕድሜህ ፍጻሜ መንግሥት ያሳክምሃል» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሮለት ነበር። ዳምጠው አምኖ አጨበጨበ። ምን ያድርግ፣ የዚያ መንግሥት ዕድሜ ከእሱ ዕድሜ አጠረ። አሁን በወርክሾፑ ያለው አቶ ስንታየሁ የሚባል ቆዳ ሠራተኛ ነው፤ ማርሹን አልሰማም።

«ቆዳው ይኸው፣ መቁረጫው ይኸው፣ እኔም ይኸው» አለ ስንታየሁ። «የሐኪም ትእዛዝ ግን የለም። ያለ ትእዛዝ ብቆርጥ ቆዳውን የት አደረስከው እባላለሁ። ሐኪም ይዘዝልዎትና ጋሼ፣ በግማሽ ሰዓት እሰጥዎታለሁ።»

ስንታየሁ አልቆርጥም አለ፤ ቀበቶው አልታሰረም፤ እግሩ አልቆመም፤ ዳምጠው አላቀፈም፤ ትርንጎ ፀሐይ አልሞቀችም።

ሄደ ወደ ሐኪም። ድሮ ወታደር የራሱ ሆስፒታል፣ የራሱ አልጋ፣ የራሱ ካርድ ነበረው። አሁን ከሁሉም ጋር ተሰልፎ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆመ፤ በአንድ እግር መሆኑን ያየ ሰው ወንበር ለቀቀለት። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት፤ እግዜር ይስጣት፣ ጉቶውን አይታ፣ ዳብሳ፣ የቀላውንም አጥባ ቅባት ቀባችለት።

«አባባ፣ ቀበቶ እንደሚያስፈልግዎ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል» አለችው። «ግን በየትኛው ወረቀት ላይ ልዘዝልዎት? ተራውን ወረቀት ወርክሾፑ አይቀበለውም። ለጦር ጉዳተኛ የሚሆነውን ወረቀት ደግሞ ያለ ጡረታ ቢሮ ደብዳቤ እንድነካው አይፈቀድልኝም። ደብዳቤውን ያምጡልኝ።»

ሐኪሟ አላዝም አለች፤ ስንታየሁ አልቆርጥም አለ፤ ቀበቶው አልታሰረም፤ እግሩ አልቆመም፤ ዳምጠው አላቀፈም፤ ትርንጎ ፀሐይ አልሞቀችም።

ማታ ቤት ሲገባ «ተገኘ?» አለችው ትርንጎ።

«ነገ» አላት።

ሄደ ወደ ጡረታ ቢሮ። ይህ ቢሮ ዳምጠው ከቆሰለ ወዲህ ሦስት ጊዜ ስሙን ቀይሯል፣ አራት ጊዜ ቤቱን ቀይሯል። አንዴ ከዚህ ሚኒስቴር ሥር ያደርጉታል፣ አንዴ ከዚያ። በየዝውውሩ ወንበሩም ጠረጴዛውም ሳይጎድል ደርሷል፤ የወታደሩ ወረቀት ግን ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። በመስኮቷ በኩል ያለው ጸሐፊ የዳምጠውን ስም በጣቱ ፈልጎ አገኘው።

«ወታደር እንደነበሩ አለ» አለው። «የጦር ጉዳተኛ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ግን የሉም። እኔ ከራሴ አውጥቼ አልጽፍም አባቴ። መዝገብ ቤቱ ‹በጦርነት ቆስሏል› ይበልና እጽፋለሁ።»

«ታዲያ ይህ እግር የት ሄደ?» አለ ዳምጠው።

«እሱን መዝገብ ቤት ይጠይቁ።»

ጡረታ ቢሮ አልጽፍም አለ፤ ሐኪሟ አላዝም አለች፤ ስንታየሁ አልቆርጥም አለ፤ ቀበቶው አልታሰረም፤ እግሩ አልቆመም፤ ዳምጠው አላቀፈም፤ ትርንጎ ፀሐይ አልሞቀችም።

ሄደ ወደ መዝገብ ቤት። መዝገብ ቤት ማለት ያው ከምድር ቤት የተከመረ ጆንያ ነው፤ በየጆንያው የሰው ዕድሜ ታጭቋል። ከአቧራው የተነሣ አፍንጫዋን በሻርፕ የሸፈነች ሴት ነበረች። ለክፋት አትሆንም፤ ጆንያ በጆንያ እየገለበጠች ስትፈልግለት ሁለት ወር አለፈ። ዳምጠው በየሳምንቱ እየሄደ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ቤት ሲመለስ ትርንጎ «ዛሬስ?» ትላለች፤ እሱ «ነገ» ይላል። ኋላ ኋላ መጠየቁንም ተወች።

በመጨረሻ ፋይሉ ተገኘ። ሴትዮዋ ገለጠችው። ቁመቱ ተጽፏል፣ የደረቱ ስፋት ተጽፏል፣ ጥርሱ ሳይቀር ተቆጥሯል።

«አባባ» አለችው ቀስ ብላ፣ «በዚህ መዝገብ መሠረት ሁለት እግር አለዎት።»

ዳምጠው ሱሪውን ሰብስቦ አሳያት።

«እኔማ አየሁ። መዝገቡ ነው ያላየው። የቆሰሉበት ወረቀት ከውስጡ ወጥቷል። የራስዎ ካርድስ የት አለ?»

ዳምጠው የሰበሰበውን ሱሪ ለቀቀ። ካርዱን ራሱ ነው የቀበረው። ጦሩ የተበተነ ጊዜ፣ በዚያው በሰው ሠራሽ እግሩ ስምንት ቀን ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ወታደር መሆኑ የታወቀ ምን እንደሚደረግ ማንም አያውቅም ነበር። አብረውት ከሚሄዱት ካርዱን አንዳንዱ ቀደደ፣ አንዳንዱ አቃጠለ። ዳምጠው ማቃጠል አሳዘነውና ከአንድ ወንዝ ዳር በጣቱ አፈር ምሶ ቀበረው። ማን ይፈርድበታል? ያን ቀን ሊኖር ብሎ የቀበረው ወረቀት ነው ዛሬ አለመኖሩን የሚመሰክርበት።

«እንግዲያው የክፍልዎ ሰው ይፈልጉ» አለች ሴትዮዋ። «ሲቆስሉ ያየ፣ ማዕረግ ያለው። እሱ ይፈርምና አንዱን እግር እቀንሳለሁ።»

መዝገብ ቤት እግር አልቀንስም አለ፤ ጡረታ ቢሮ አልጽፍም አለ፤ ሐኪሟ አላዝም አለች፤ ስንታየሁ አልቆርጥም አለ፤ ቀበቶው አልታሰረም፤ እግሩ አልቆመም፤ ዳምጠው አላቀፈም፤ ትርንጎ ፀሐይ አልሞቀችም።

ከክፍሉ ሰዎች በሕይወት ያለ፣ ዳምጠው የሚያውቀው፣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሻምበል ባሻ ተሰማ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ከልጃቸው ከብርቄ ጋር ይኖራሉ። በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው፣ ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለዋል። አእምሯቸው ከጦር ሜዳው አልተመለሰም። ሐኪም ቤት ወስዳቸው ስንት ጊዜ ተመላልሳለች ብርቄ፤ ለእንዲህ ያለው ቁስል ወረቀት የለም ብለዋት ትታዋለች።

ሻምበል ባሻ ዳምጠውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አሥር አለቃ፣ የት ጠፍተህ ከርመህ ነው? ሰልፍ ግባ» አሉት።

ዳምጠው የመጣበትን ነገራቸው። ወረቀቱን ተቀበሉት፣ ብዕሩንም ተቀበሉት፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ሰው ሳይሞላ አልፈርምም» አሉ።

ብርቄ ዳምጠውን ወደ ጎን ሳበችው። «ጋሼ፣ ስም ሳይጠሩ ብዕር አይጨብጡም። ጠርተው ሁሉም ካልመለሰ ደግሞ ጎድሏል ብለው ያስቀምጡታል። እኔ አለሁ ልልላቸው ሞክሬ ነበር፤ እዚህ ክፍል ሴት የለም ብለው ተቆጡኝ።»

ሻምበል ባሻ አልፈርምም አሉ፤ መዝገብ ቤት እግር አልቀንስም አለ፤ ጡረታ ቢሮ አልጽፍም አለ፤ ሐኪሟ አላዝም አለች፤ ስንታየሁ አልቆርጥም አለ፤ ቀበቶው አልታሰረም፤ እግሩ አልቆመም፤ ዳምጠው አላቀፈም፤ ትርንጎ ፀሐይ አልሞቀችም።

ዳምጠው በሁለት ክራንቹ ተደግፎ ግቢው መሐል ቆመ። ሻምበል ባሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ወረቀት አላዩም፤ ስሞቹ ሁሉ በቃላቸው ናቸው።

«ምክትል አሥር አለቃ ገለታ ሁንዴ።»

ገለታን የቀበረው ዳምጠው ራሱ ነው። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ በሞተ ሰው ስም መመለስ ቀፈፈው። ሻምበል ባሻ ብዕሩን ከደኑ። «ጎድሏል» አሉ።

ዳምጠው ሊወጣ ዘወር አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን የምሽጉ ልማድ ትዝ አለው። አንዱ ዘብ ላይ ሆኖ ስም ሲጠራ የምሽግ ጎረቤቱ «አለሁ» ይልለታል። ሻምበል ባሻም ያውቁታል፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ውሸት አይለውም። ገለታስ ዘብ ላይ ነው ቢባል ምን አለበት? ተመለሰና እንደገና እንዲጠሩ ለመናቸው።

«ምክትል አሥር አለቃ ገለታ ሁንዴ።»

«አለሁ» አለ ዳምጠው።

«ወታደር ሽኩር ነስሩ።»

«አለሁ።» ሽኩር ሲጋራ እንጂ ውኃ ተካፍሎ አያውቅም ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ግን ኮዳውን ለዳምጠው ሰጠው።

«ወታደር አንጁሎ አንዳርጌ።»

«አለሁ።» አንጁሎ ለእናቱ የጀመረውን ደብዳቤ አልጨረሰም።

«ወታደር ገብረዝጊ ተስፋይ።»

«አለሁ።» ዳምጠው ፈንጂ የረገጠ ዕለት በጀርባው አዝሎ ከተራራው ያወረደው ገብረዝጊ ነው። እመለሳለሁ ብሎ እንደገና ወደ ተራራው ወጣ፣ አልተመለሰም።

እንዲህ እያሉ ሠላሳ ስም ጠሩ፤ ዳምጠው ሠላሳ ጊዜ አለሁ አለ። ላቡና እንባው ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጁ ክራንች ስለያዘ አልጠረገውም። ብርቄ በሩን ተደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«አሥር አለቃ ዳምጠው ወልደሰንበት።»

ለሠላሳ ሙታን የወጣ ድምፅ ለራሱ ስም አልወጣ አለው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔ ብቻ ለምን አለሁ እላለሁ ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አለች ብርቄ።

«አለሁ» አለ ዳምጠው፣ ከሁሉም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሠላሳ አንድ። ሙሉ ነው» አሉ ሻምበል ባሻ። ፊታቸው ፈካ፤ ብርቄ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ብዕሩን ጨብጠው፣ ዳምጠው ግራ እግሩን በፈንጂ ያጣበትን ቀንና ተራራ ሳይሳሳቱ በጥሩ እጅ ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ «አሰናብቻለሁ፣ ዕረፍ» አሉት።

ሻምበል ባሻ ፈረሙ፤ ሲፈርሙ መዝገብ ቤት አንዱን እግር ቀነሰ፤ ሲቀንስ ጡረታ ቢሮ ጻፈ፤ ሲጽፍ ሐኪሟ አዘዘች፤ ስታዝ ስንታየሁ ቆረጠ፤ ሲቆርጥ ቀበቶው ታሰረ፤ ሲታሰር እግሩ ቆመ። ሦስት ወር እንቢ ያለው ነገር በሁለት ቀን አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳምጠው እግሩን አጠለቀ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ፀሐይ ደጃፉ ላይ መድረሷን አየ።

«ትርንጎዬ፣ ነይ እንውጣ» አላት።

አንዱን ክንዱን ከትከሻዋ ሥር፣ ሌላውን ከጉልበቷ ሥር አስገባ፤ ቁስሏን ሳይነካ። ወገቡን አጠንክሮ፣ ድሮ በሚያነሳት ኃይል ብድግ ሲያደርጋት ወደ ኋላ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ሙሉ መስሎት ባዶ ጀሪካን ያነሣ ሰው እንዲህ ይሆናል። ሦስት ወር ሙሉ አላቀፋትም፣ ብርድ ልብሱ ሸፍኗት መክሳቷን አላየም። አሁን በአንድ ክንዱ ይችላታል፤ በሌላው እጁ ክራንች ቢይዝም ይችላታል። ቀበቶ የተለመነላት ሴት ቀበቶ የማያስፈልጋት ሆና ቆየችው።

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ አኖራት። ፀሐይ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ እጇን፣ ከዚያ ፊቷን ነካች።

«ዳምጤ» አለችው፣ «ከበድኩህ?»

«ከብደሻል እንጂ» አላት። «ይሄ ቀበቶ ባይኖር አልችልሽም ነበር።»

ትርንጎ ደስ አላት። ዓይኗን ጨፍና ፀሐይዋን መሞቅ ጀመረች።