የጥርኝና የጅብ ቁራኛ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ ነው? ላሟ ትቆየን። የዛሬው ነገር የበረት ሳይሆን የጉድጓድ ነው። ቀረብ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ በዳኛ ፊት ቆሞ በሚሟገትበት ዘመን፣ አንዲት ጥርኝ ነበረች። እመት ጥርኝ ይሏታል። ቤቷ ከትልቅ ሾላ ሥር ያለ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን በገዛ ጥፍሯ ምሳዋለች፤ ሁለት ግልገሎቿንም እዚያው ወልዳለች። ማንም ላይ አትደርስም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ትወጣለች። ብቻዋን ትዞራለች። ጥንዚዛ ትለቅማለች፤ የወደቀ ሾላ ትበላለች፤ በሄደችበት መንገድ ትመለሳለች። ባለፈችበት ድንጋይ ላይ ዝባዷን ቀባ ታደርጋለች። «የጥርኝ ደጅ ነው» ማለቷ ነው።

ዝባድ ታውቃላችሁ? ከጥርኝ ጅራት ሥር የሚገኝ ቅባት ነው። ጥቂቱ ሽቶ ነው። ብዙው ግን አያድርስ ነው! እመት ጥርኝም በከንቱ አታባክነውም፤ ዝባድ ካለቀ ቶሎ አይተካማ። ባለጌ ሲመጣባት መጀመሪያ መሬቱን በእግሯ ትደልቃለች። ቀጥላ ፀጉሯን ታቆማለች። በመጨረሻ ጅራቷን ታነሳለች። ከዚያ ወዲያ ልብ ያለው አይቆምም።

አንድ ቀን አያ ጅቦ መጣ። ያ ሆዳም! «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? እሱም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና፣

«ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ።

«ለማን?» አለች እመት ጥርኝ።

«ለባለ ርስቱ ነዋ! ይህ ጉድጓድ የአያቴ ነው።»

«አያትህን እኔም አላውቃቸው፣ ሾላውም አያውቃቸው። የማስኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ውጪልኝ። ግልገሎቹን እዚሁ ተያቸው፤ እኔ አሳድጋቸዋለሁ» አለና ምራቁን ዋጠ።

ለጅብ የሥጋ አደራ! እመት ጥርኝ ደሟ ፈላ።

«በሕግ አምላክ!» አለችው።

በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ጅብ ወራጅ ውሃ ይቆማል። ጅቦም ሳይወድ ቆመ። ተያይዘው ወደ ዳኛው ወደ አያ አንበሳ ሄዱ።

አያ አንበሳ ሁለቱንም ሰማ። ጺሙን ላሰና፣ «ርስት በአፍ አይወረስም። ጅቦ፣ ነገ ጠዋት ምስክርህን ይዘህ ቅረብ» አለ።

ጅቦ ምስክር ከየት ያምጣ? እሱን ያየ ሁሉ ሸሽቶ የለም እንዴ! ትንሽ አሰበና ክፋት መጣለት።

«ጌታዬ፣ እስከ ነገ ትጠፋብኛለች። በቁራኛ ትሰጠኝ!» አለ።

ቁራኛ ማለት፣ ልጆቼ፣ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ፍርዱ እስኪሰጥ አብረው የሚውሉበት የድሮ ሕግ ነው።

«ልብስ የላችሁም። በምን ልቋጥራችሁ?» አለ አንበሳ።

«ጅራት አለን! ጅራት ለጅራት!»

እመት ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና፣ «አያ ጅቦ፣ ከጥርኝ ጋር በጅራት በኩል? ኧረ ደግመህ አስብ!» አለችው።

«ሽታ ነው የምትፈሪልኝ? እኔ ሳምንት የከረመ የአህያ ጥንብ ቁርስ የማደርግ ነኝ!»

እመት ጥርኝ ግልገሎቿ ትዝ አሏት። ከእሷ በብዙ እጥፍ ከሚከብድ አውሬ ጋር መታሰር ያስፈራል፤ ፈራችም። አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ዳኛ ሆይ፣ አስሮ ቢጎትተኝስ?» ብላ ጠየቀች።

«ሦስት ጊዜ በሕግ አምላክ በይው። ሦስቱን ከረገጠ የሚደርስበት ሁሉ በራሱ ነው። ቁራኛውን ግን ከእኔ በቀር የሚፈታ የለም። ከቁራኛ ያመለጠ ተረታ!»

እመት ጦጢት ልጥ ልጣ ልታስራቸው ወረደች። ጅቦ በጆሮዋ፣ «የእኔን ላላ፣ የእሷን ጠበቅ» አላት።

«እንዳልክ» አለች፣ በሆዷ እየሳቀች።

ከአንበሳ ዓይን እንደ ራቁ ጅቦ ወደ ሾላው መጎተት ጀመረ። «ዳኛው ነገ ብሏል፤ እኔ ዛሬ ብያለሁ! ግልገሎችሽ የዛሬ ምሳዬ ናቸው!»

እመት ጥርኝ መሬቱን ደለቀች። «በሕግ አምላክ!»

«እስክስታ ነው እንዴ?» ብሎ ጎተታት።

ፀጉሯን አቆመች። «በሕግ አምላክ!»

«ማን አበጠረልሽ?» ብሎ ጎተታት።

ከጉድጓዱ ደረሱ። ግልገሎቹ ውስጥ ሆነው ጮኹ። ጅቦ አፍንጫውን ወደ ቀዳዳው ሰደደ።

«በሕግ አምላክ! የመጨረሻዬ ነው!» አለች እመት ጥርኝ።

«ዝም አትይም!» ብሎ ሊነክሳት አፉን ከፍቶ ዞረ። ያኔ ጅራቷን አነሳች። የሱም ጅራት አብሮ ተነሳ። ዝባዷን ሳትሰስት ለቀቀችው። በዓይኑ ገባ። በአፍንጫው ገባ። በተከፈተ አፉ ገባ።

«ኡኡ! ታወርኩ! ፍቱኝ!»

«ማን ይፍታህ? ዳኛው ነገ ብሏል» አለችው።

ጥንብ ቁርሱ የሆነው ጅብ የሚገባበት ጠፋው። ሊሮጥ ሲል እመት ጥርኝ የሾላውን ሥር በጥፍሮቿ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። እሱ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ! ሲጎትት ሲጎትት ቂጡ ወደ መሬት ዝቅ አለ። ዛሬም ጅብ ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚሄደው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። በመጨረሻ ላላ ያለው ቋጠሮ በጅራቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። አያ ጅቦ ራቁት ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ ጠፋ።

በማግስቱ አያ አንበሳ ችሎት ተቀመጠ። እመት ጥርኝ ልጡን ከነፀጉሩ እየጎተተች ብቻዋን ቀረበች።

«ቁራኛውን ማን ፈታው?» አለ አንበሳ፣ አፍንጫውን በመዳፉ ይዞ።

«የፈታው የለም፣ ጌታዬ። ቋጠሮው ይኸው። ከሳሼ ለፀጉሩ ውክልና ሰጥቶ ሄደ።»

አውሬው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንበሳም ልጡን ከጅራቷ ፈታላትና፣ «ያመለጠ ተረታ ብያለሁ። ጉድጓዱ የጥርኝ ነው» ብሎ ፈረደ።

እመት ጥርኝ ያንን ፀጉር ቤቷ ወስዳ ለግልገሎቿ አነጠፈችላቸው። ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ የራሱን ፀጉር አንጥፎ ሄደ!

ጅብ ተረታ፤ ተረት ሆኖም ቀረ። ለዚህ ነው «የናቁት ያደርጋል ራቁት» የሚባለው።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ። የእኔን አፍ በዳቦ፣ የጅቦን አፍንጫ በአሸዋ አብሱ።