የማቀዝቀዣው ጠባቂ የቤት ስም

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ «ፈልጌ አጣሁት» ብሎ ለሚመለስ ሰው ሁሉ የሚወረወርለት አንድ አባባል አለ። አባባሉን የግቢው ሰው በሙሉ ያውቀዋል፤ መነሻውን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። በክትባት ማቀዝቀዣ ሳቢያ ተወለደ ቢባል ማን ያምናል?

ጋሽ ጥሩነህ የጤና ጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ነበሩ። ነርስ የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በሕይወት ሳሉ፣ ክትባቱ እንዳይበላሽ እያሉ ከቤታቸው ድረስ እየተመላለሱ ማቀዝቀዣውን በእጃቸው ይዳስሱ ነበር። ጋሽ ጥሩነህ የባለቤታቸው ድካም አሳዘናቸውና፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይታይ ቅዝቃዜውን የሚከታተል፣ ሲሞቅ ደወል የሚያሰማ ፕሮግራም ሠሩላቸው። ሥራ ሲጀምርም «ጢን» ብሎ መነሣቱን ያሳውቃል። ስክሪኑ ላይ ስሙ «የማቀዝቀዣ ጠባቂ» ይላል። ኮምፒውተሩ በሆዱ የመዘገበው ስም ግን «አስካለ» ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህማ ስሙን በአፋቸው ማንሣት ከበዳቸው።

ከጊዜ በኋላ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ጠባቂው ተኝቶ መቅረት አመጣ። አዲሷ ባለሙያ ትርሲት ጠባቂውን በስሙ ጠርቶ የሚቀሰቅስ አጭር ፕሮግራም ጻፈች። ትርሲት ጎበዝ ናት፤ ችግሯ መቸኮሏ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ያየችውን ስም አስገብታ ብትጠራው፣ ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም የሚታወቅ አገልግሎት የለም» አላት። ደግማ ጠራች። አሁንም የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር አርጅቷል። ነቅዬ ልጣለውና አዲስ ልሥራ» አለች።

ጋሽ ጥሩነህና ባለቤታቸው ልጅ አልወለዱም፤ አስካለ የሚለው ስም ከዚያ ኮምፒውተር ሌላ የቀረበት ቦታ የለም። እሱ ከተነቀለ ባለቤታቸውን ሁለተኛ ሊቀብሩ ነው። ስሙን እንዳይነግሯት ደግሞ በአፋቸው ሊያወጡት አልቻሉም። ወደ ትርሲት ዞር አሉና፣

«የክርስትና ስምሽ ማነው ልጄ?» አሉ።

«ወለተ ጊዮርጊስ። ምነው?»

«በር ላይ ቆሜ ወለተ ጊዮርጊስን ጥሩልኝ ብል ዘበኛው ምን ይለኛል?»

«የለችም ነዋ!» ብላ ሳቀች።

«አንቺ ግን አለሽ።»

ትርሲት ሳቋን ገታች። «ሁለት ስም አለው ማለት ነው? ታዲያ ይንገሩኛ!»

«ኮምፒውተሩን ጠይቂው» አሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። «ስክሪን ላይ እንዲህ የሚባለውን አንተ በቤት ማን ትለዋለህ በዪው። ከዚያ በሚሰጥሽ ስም ጥሪው።»

ትርሲት አንዲት መስመር ጨመረች። በዚህ መሀል የክትባት ክፍሏ አሮጊት ነርስ ሲስተር ዘነበች፣ «ለነገ ሕፃናት የመጣው ክትባት ገብቷል፣ ጠባቂው ግን መብራት ከመጣ ወዲህ አልነቃም፤ ምን ልሁን?» እያለች ገባች። ገብታም ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልስ አነበበች።

«አስካለ? ባለቤትዎ፣ የኛዋ አስካለ?»

ጋሽ ጥሩነህ ፊታቸውን ከመስኮቱ አልመለሱም። ያን ጊዜ ትርሲት ሁሉም ነገር ገባት። ስሙን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንደምትቀሰቅስ አድርጋ አስገባችው።

ከማዶ፣ ከማቀዝቀዣው ክፍል፣ «ጢን» አለ።

«አቤት አለች» አሉ ጋሽ ጥሩነህ። እንባቸውን መደበቅ አልሆነላቸውም።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፤ ልነቅላት ነበርኮ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ? አፌን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ።» ከዚያም ከስንት ጊዜ በኋላ የባለቤታቸውን ስም በአፋቸው ጠሩ። «አስካለ ብትሰማ ትስቅብን ነበር።»

ሲስተር ዘነበች መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ እየጠረገች ወደ ትርሲት ዞረችና እንዲህ አለች፦ «ስሚ ልጄ፤ የቤት ስሙን ሳይጠይቁ፣ የለም ብለው አይራቁ።»