የጎደለው ጨው

«በግቢው ገንዳ ያለው አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ዘውገ።

የሰፈራቸው ልጅ ልሳኑ የጠየቃቸው ስለ ገንዳ አልነበረም። ሚስቱ ዳግመኛ ተጣልታው አባቷ ቤት ገብታለች፤ እንደ በፊቱ ሽማግሌ ሆነው እንዲያስታርቁት ሊለምናቸው ነው የመጣው። «ጋሼ፣ ስንታረቅ እኮ ከልቤ ነው። ከዚያ ፍቅሩ ያልቅብኛል። ኑሮው ነው የሚጨርስብኝ፤ ሰው ምን ያድርግ?» አላቸው። የሚስቱ አባት ደግሞ ሽማግሌ የሚሰሙት ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ ልጃቸው ደግማ ከመጣች ግን እንደማትመለስ ቁርጡን ተናግረዋል። ጋሽ ዘውገም እንዲህ ሲሉ ተረኩለት።

ሰውየው ሀብታም ነው፤ አገሩም ቆላ ነው። የመዋኛ ገንዳውን ያሠራው በጨው እንዲጸዳ አድርጎ ነበር። ጨው ውኃው ውስጥ ይሟሟል፤ አንድ ማሽን ከጨዋማው ውኃ ክሎሪን ያወጣል፤ ክሎሪኑም ውኃው እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። ጨው ሲያንስ ማሽኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ሰውየው ይህን ሁሉ በጥሞና ተምሯል፤ ለእንግዶቹ ማስረዳትም አይታክተውም ነበር።

በጋው ሲገባ መብራቱ በራ። አንድ ጆንያ ጨው ሲጨምር መብራቱ ጠፋ። ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ በራ። አሁን ማሽኑን ጠረጠረ። ፈታው፤ ውስጡ ያሉትን ብረቶች ነጭ ቅርፊት ይዟቸው አገኘ፤ በኮምጣጤ ዘፍዝፎ አጸዳቸውና መልሶ ገጠመው። መብራቱ ግን አልጠፋም። ውኃውን ቀድቶ አስመረመረ፤ እውነትም ጨው ጎድሎታል። ማሽኑ አልዋሸም። ሌላ ጆንያ አስመጣ፤ ከዚያም ሌላ።

ውኃውም ይጎድል ስለነበር በየጊዜው በጎማ ይሞላዋል። ለዚህ መልስ ነበረው፤ ወደ ሰማይ አንጋጦ «ይቺ ፀሐይ ጠጥታ አትጠግብም» ይላል። ውኃውን የወሰደች ፀሐይ ጨውንም አብራ ወስዳለች ብሎ ደመደመ። ወጥ እሳት ላይ ሲረሳ ጨው ይበዛበታል እንጂ አያልጭም፤ ይህን በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቃል። እሱም ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ወጥ ቀርቦለት ስንቴ ተቆጥቷል። ግን ሰው ጥፋተኛውን አስቀድሞ ካገኘ መመርመር አይወድም። ጆንያውን ሲዘረግፍ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ውኃው አረንጓዴ መሆን ሲጀምር ግን ቀልዱን ተወ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት።

ከአጥሩ ማዶ፣ መሬቱ ዝቅ ባለበት በኩል፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ትኖራለች። መተዳደሪያዋ ብርቱካን ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሩን አንኳኳች።

«ጌታዬ፣ የዘንድሮ ፀሐይ ዛፎቼን ፈጀችብኝ» አለችው። «ቅጠሉ ከጫፉ እየተቃጠለ ይረግፋል። ቧንቧዬ ደግሞ ከደረቀ ሰነበተ። የእርስዎ ውኃ አይቋረጥም ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ጎማውን በአጥሩ ቢያሾልኩልኝ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ጎማውን ራሱ ጎትቶ ሄደ። «እኔንም ያቃጠለችኝ ይችው ፀሐይ ናት» እያላት፣ ውኃው እንዲጠራቀም ብሎ ከአንዱ ዛፍ ሥር አፈሩን በዶማ ከፈተ። ከላይ ደረቅ የነበረው አፈር ከሥሩ እርጥብ ነበር። ዝናብ ከጣለ ወራት አልፏል፤ ሴትዮዋም የምታጠጣው አጥታ ነው የመጣችው። ሰውየው ዶማውን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ቆነጠረና ምላሱ ላይ አደረገው፤ ጨው ጨው አለው።

«ምነው፣ ምን ነካዎት?» አለች ሴትዮዋ።

ሰውየው አፈሩን መልሶ፣ ጎማውን ለቆላት፣ ተመርቆ መሄድ ይችል ነበር፤ ፀሐይ እንደሆነች አልዋልኩበትም ብላ አትሟገት። ይህን አሰበ፤ በማሰቡም አፈረ።

«እትዬ፣ ፀሐይን አይውቀሷት» አላት። «እኔ ነኝ።»

የገንዳውን ውኃ በቦቴ አስቀድቶ አስወሰደ። ከመወጣጫው ሥር ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ተገኘ፤ አስደፈነው። ጨውን ከአፈሩ ለማጠብም ክረምት እስኪገባ ድረስ ዛፎቹን በንጹሕ ውኃ ሲያጠጣ ከረመ። የዳኑ አሉ፤ የደረቁም አሉ። በደረቁት ምትክ ችግኝ ተከለላት፤ ችግኝ ግን እስኪያፈራ ዓመታት ይፈልጋል።

ጋሽ ዘውገ እዚህ ላይ ወደ ልሳኑ ዞሩ።

«ኑሮው ጨረሰብኝ አልከኝ። ኑሮ እንቅልፍህን ይወስዳል፤ ጉልበትህንም፣ ወዝህንም ይወስዳል። ያ ፀሐይ የምትወስደው ውኃ ነው። ፍቅርህን ግን ኑሮ አልወሰደብህም። ኑሮ የከበደው ሁሉ ሚስቱን ቢያስመርር ኖሮ በዚህ ሰፈር የቆመ ትዳር አይገኝም ነበር። እኛ ሽማግሎች ጨው ተሸካሚዎች ነን። ባለፈው ተሸክመን መጣን፤ ጨመርንልህ፤ መብራቱ ጠፋ። አሁንም ተሸከሙ ትለናለህ።»

«ታዲያ እምቢ ሊሉኝ ነው ጋሼ?»

«እምቢ አልልህም። ግን ስንጥቁ መጠጥህ ይሁን ምላስህ አላውቅም፤ እኔ ቤትህ አላድርም። እሱን አንተ ታገኘዋለህ። ለጊዜው አንዲት ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ከአንተ የሚሾልከው የት ነው የሚወርደው? ከአጠገብህ ሆና ቅጠሏ የሚቃጠለው ማን ናት?»

 ልሳኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷ ናት» አለ።

«እንግዲያው ነገ አብረን እንሄዳለን» አሉት ጋሽ ዘውገ። «አባቷ ፊት አጠገብህ እቀመጣለሁ። ኑሮው ነው ብዬ ግን አልናገርልህም። እኔ ነኝ የምትለውን አንተው ለእሷ ትነግራታለህ፤ እኔ ከዚያ በኋላ ነው አፌን የምከፍተው።»